ዘነበ ወይስ ይዘንብ ነበር

ሥራ ከለቀቅኩ ወዲህ ትልቁ ደስታዬ ዝናብ ሲዘንብ ዝም ብዬ ማየት ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ዝናብ ለኔ ዝናብ አልነበረም፤ የሰዋስው ምሳሌ ነበር። ናይሮቢ ላይ ደመና በጠቆረ ቁጥር ሰሌዳ ፊት የቆምኩ ይመስለኝና «ዘነበ» እንበል ወይስ «ይዘንብ ነበር» እያልኩ ከራሴ ጋር እከራከር ነበር። አሁን ይዘንባል፤ እኔ ኪሊማኒ ካለው ቤታችን በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ አየዋለሁ፤ በቃ። ባለቤቴ አልማዝ «አሁን ገና ሰው ሆንክ» ትለኛለች። እውነቷን ነው።

ፈረንሳይኛ ለማያውቅ አንባቢ ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። ፈረንሳዮች ያለፈ ነገር ሲያወሩ ሁለት ዋና መንገድ አላቸው። አንዱን ፓሴ ኮምፖዜ ይሉታል፤ ሆኖ ላለቀ ነገር ነው። በሩ ተንኳኳ፣ ተነሣሁ፣ ከፈትኩ። ሌላው ኢምፓርፌ ነው፤ በዚያን ጊዜ በዙሪያው እየሆነ ለነበረው። ዝናብ ይዘንብ ነበር፣ እናቴ ልብስ ትሰፋ ነበር፣ ራዲዮኑ ያወራ ነበር። እኛም በአማርኛችን ይኸው አለን። «ዝናብ ይዘንብ ነበር፤ በሩ ተንኳኳ» ለማለት ቆም ብሎ ያሰበ ኢትዮጵያዊ አይቼ አላውቅም። ያው ሰው ፈረንሳይኛ ክፍል ሲገባ ግን ይደነግጥና ሁሉም ነገር ላይ «ነበር» ይለጥፋል። በሩ ይንኳኳ ነበር፣ ሰውየው ይነሣ ነበር፤ ማንም ሳይከፍት ክፍለ ጊዜው ያልቃል። ሌላው ደግሞ ተቃራኒውን ይዞ ሁሉን ነገር በአንድ ትንፋሽ ይጨርሰዋል፤ ተወለድኩ፣ ተማርኩ፣ አገባሁ፣ መጣሁ። እኔ በነዚህ በሁለቱ መሐል አርጅቻለሁ።

ቋንቋውን ያገኘሁት ድሬዳዋ ነው። አባቴ የባቡር ሠራተኛ ነበር፤ አለቆቹን ሁሉ «ሙሴ» እያለ የሚጠራ፣ ሲናደድ በፈረንሳይኛ የሚሳደብ ሰው። ስለዚህ መጀመሪያ የተማርኩት ስድቡን ነው፤ ግሱን በኋላ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ጨመሩልኝ። አዲስ አበባ ሄጄ ብዙ ዓመት አስተማርኩ። ከዚያ አልማዝ ናይሮቢ፣ ጊጊሪ ውስጥ ካሉት ዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤቶች በአንዱ በሒሳብ ሠራተኝነት ተቀጠረችና ተከትያት መጣሁ። ሚስቱን ተከትሎ አገር የለቀቀ ወንድ ዘመድ ይስቅበታል። የኔም ዘመዶች ጥርሳቸው እስኪደክም ስቀዋል። እኔ ግን አልተቆጨሁም፤ ኪራዩን የምትከፍለው እሷ ነበረች።

የመጀመሪያ ሥራዬ እዚያው ጊጊሪ ለመሥሪያ ቤት ሠራተኞች በምሳ ሰዓት ማስተማር ነበር። ፈረንሳይኛ የሚፈልጉት ለዕድገት ነው። ጥሩ ሰዎች ናቸው፤ ግን ሕጉን ከኔ በላይ ያውቁታል፤ አፋቸውን ከፍተው አንድ ነገር ተናገሩ ሲባሉ ግን ላብ ያጠምቃቸዋል። አለቃቸው የነበረች አንዲት ወይዘሮ በሄድኩ ቁጥር «ሚስተር ታደለ፣ ሕጉን በአንድ ገጽ ልታደርግልን አትችልም?» ትለኝ ነበር። አደረግኩላት። ገጹን አባዝታ ለሁሉም አደለች። ከዚያ ወዲህ የሚሳሳቱት ገጹን እያዩ ሆነ።

ቀጥሎ ዌስትላንድስ በሚባለው ሰፈር አንድ የቋንቋ ማዕከል ገባሁ። ክፍያው በየሰዓቱ ነው፣ በስልክ ይላካል፣ ይዘገያል፤ ስለዚያ ከዚህ በላይ አልልም። ሥራ አስኪያጁ ኬንያዊ፣ ፈጣንና ትሑት ሰው ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው የሚያውቀው፦ «ምዋሊሙ፣ ደንበኛው ቶሎ ይፈልጋል።» ምዋሊሙ አስተማሪ ማለት ነው። ደንበኛው ሁልጊዜ ቶሎ ይፈልጋል፤ ያለፈ ጊዜ ግን ቶሎ አይሆንም።

እዚያ ነው ፓፓ አንሰልምን ያገኘኋቸው። ከቡካቩ የመጡ ኮንጓዊ ናቸው፤ ያኔም ሸብተው ነበር። ሙቀት ሆነ ብርድ ኮታቸውን አያወልቁም፤ ጠመኔ እጃቸውን እንዳይነካ ይጠነቀቃሉ። የማዕከሉ አንጋፋ አስተማሪ ስለነበሩ ክፍላቸው ገብቼ እንድመለከት ተመደብኩ። የመጀመሪያው ቀን ያየሁትን አልረሳውም። አንዱን ተማሪ «ትናንት የገጠመህን አውራኝ» አሉና ወንበራቸውን ደገፍ ብለው ዐይናቸውን ጨፈኑ። ተኙ ብዬ አፈርኩላቸው። ተማሪው ያወራል። እሳቸው እንደተጨፈኑ ናቸው። የሆነ ቦታ ሲደርስ አንዱን ዐይናቸውን ገለጡ። ተማሪው ቆመ፣ ወደኋላ ተመለሰ፣ «ማታቱው ሄደ» ያለውን «ማታቱው ይሄድ ነበር» አለው፤ ማታቱ የናይሮቢ ሚኒባስ ታክሲ ነው። ዐይኗ ተከደነች። ልጁ ቀጠለ።

በኋላ ነገሩ ገባኝ። የሚያወራው ከታያቸው ይጨፍናሉ፤ ካልታያቸው ይገልጣሉ። ተማሪው በታሪኩ ውስጥ እያለ ግስ አያርሙም፣ «ስህተት» የሚል ቃል አይወጣቸውም። ታሪኩ ሲያልቅ አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ፦ «አንተ የት ነበርክ?» ነገሩ መሐል ቆመህ ዙሪያህን እያየህ ነው የምታወራው ወይስ አልፎልህ በሩን ዘግተህበት? መልሱን ሲያገኝ ተማሪው ጊዜውን ራሱ ይመርጣል። አንዴ አንዲት ተማሪ «ዐሥር ዓመት ሞምባሳ ኖርኩ» ለማለት ዐሥር ዓመት ረጅም ነው ብላ ኢምፓርፌ ተጠቀመች። ይህ የሁሉም ተማሪ ስህተት ነው፤ ረጅም ነገር «ነበር» የሚፈልግ ይመስላቸዋል። ፓፓ አንሰልም «ልጄ፣ ዛሬ ሞምባሳ ነሽ?» አሏት። «አይደለሁም፤ ጨርሼ መጣሁ።» «እንግዲያው መቶ ዓመትም ቢሆን ተዘግቷል» አሉ። እኔ ያንን ሰሌዳ ሙሉ ጽፌ ነበር የማስረዳው።

ከኛ ሰዎች ጋር ሲገናኙ ግን እሳቸውም ተቸግረዋል። እኛ «አዎ» ለማለት ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ሳብ እናደርግ የለ? መጀመሪያ ያስተማሯት ኢትዮጵያዊት እንዲያ ስታደርግ ፓፓ አንሰልም ሁለቱንም ዐይናቸውን በልጥጠው ውኃ ሊያመጡ ሮጡ፤ ልቧን ያመማት መስሏቸው።

አደንቃቸው ነበር፤ ግን እንደሳቸው አላስተማርኩም። ዐይን ጨፍኖ ማስተማር ለሳቸው ያምራል፤ እኔ ብጨፍን እንቅልፍ ይወስደኛል እያልኩ እቀልድ ነበር። ደግሞም ሥራ አስኪያጁ ቶሎ ይላል። ፓፓ አንሰልም ጡረታ ወጥተው ቤታቸው ሲቀመጡ እኔ በራሴ መንገድ ቀጠልኩ፤ ሕግ፣ ምሳሌ፣ ልምምድ፣ ፈተና። አብዛኛው ተማሪዬም ያልፍ ነበር። ሂሩት እስክትመጣ ድረስ የሚጎድለኝ ነገር ያለ አልመሰለኝም።

ሂሩት አገር ቤት ነርስ ነበረች። ናይሮቢ በስደተኛ ወረቀት ስለምትኖር በሙያዋ መሥራት አልቻለችም፤ ኪሊማኒ ውስጥ ባለ የኢትዮጵያ ምግብ ቤት ወጥ ቤት ትሠራለች። ቅድስት የምትባል አንድ ልጅ አለቻት፤ በጀርባዋ አዝላት የመጣች፣ እዚህ ያደገች፣ አማርኛዋ ውስጥ ስዋሂሊና እንግሊዝኛ የሚሻሙባት። ካናዳ፣ ፈረንሳይኛ በሚነገርበት ክፍል፣ አንድ የጤና ተቋም ሂሩትን በረዳት ነርስነት ሊወስዳት ተስማማ፤ ልጇንም ይዛ መሄድ ትችላለች። አንድ ነገር ብቻ ቀራት፤ የፈረንሳይኛ ፈተና ማለፍ። ቅድስት ደግሞ ከእናቷ ጋር እንደ ልጅ ተቆጥራ የምትሄድበት ዕድሜ ሊያልፍ ነው። ካለፈ እናት ብቻዋን ትሄዳለች፣ ወይም ሁለቱም ይቀራሉ።

ሂሩት ይህን ስትነግረኝ እጇ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸት ነበር። «ሙሴ፣ እኔ ትቻት አልሄድም። ስለዚህ ማለፍ አለብኝ» አለችኝ።

ምግብ ቤቱ ፎቅ ላይ ባለች ክፍል፣ ከምሳ በኋላ ሥራ ቀዝቀዝ ሲል፣ ማስተማር ጀመርን። ከቤተ ክርስቲያኗ አራት ሰዎች ተጨመሩ፤ እነሱም የየራሳቸው ጉዳይ አላቸው። አንደኛው ተስፋዬ ነው፤ ሞባይል ጠጋኝ፣ ሳቂታ። አምስቱም ጎበዞች ናቸው፤ የአፍ ፈተናው ግን ያስፈራቸዋል። ፈታኟ «የማትረሳውን አንድ ቀን ንገረኝ» ትላለች፤ እዚያ ላይ ሁለቱ ጊዜዎች ካልተለዩ ነጥብ የለም። ሂሩት እንዳትወድቅ ስለፈራሁ አንድ ሞዴል ታሪክ ጻፍኩላት። ወደ ናኩሩ የአክስቴ ልጅ ሠርግ በአውቶቡስ እሄድ ነበር፤ ዝናብ ይዘንብ ነበር፤ ተሳፋሪው ያንቀላፋ ነበር፤ ድንገት ጎማ ፈነዳ፤ አንድ ገበሬ በትራክተር መጣና ወሰደን፤ ኬኩ ሲቆረስ ደረስን። አንድም ግስ ቦታውን የሳተ የለም። በራሴ ኮርቼ ነበር። «እንዲህ ዓይነት ነገር አውሪ» አልኳት፤ እሷ ግን የሰማችው «ይህን አውሪ» የሚለውን ነው።

የኛ ሰው ሲሸመድድ ታውቃላችሁ። ከልጅነት ጀምሮ ቃል በቃል መያዝ ነው ትምህርት የሚባለው። ሂሩት በጥቂት ቀን እንደ ውኃ ጠጣችው። ከዚያ ምን አደረገች? ለአራቱም ሰጠቻቸው። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ተብሎ ባደገ ሕዝብ ውስጥ ጥሩ መልስ ይዞ ዝም ማለት ስስት ነው። እኔ አላወቅኩም። የፈተናው ቀን አምስቱም አንድ ሠርግ ታድመው ገቡ።

የሆነውን የነገረኝ ተስፋዬ ነው። እሱ አራተኛ ነበር። ፈታኟ መነጽር ያደረገች ፈረንሳዊት ናት። «የማትረሳው ቀን አለህ?» አለችው። «አዎ ማዳም፣ ወደ ናኩሩ በአውቶቡስ እሄድ ነበር...» ሲል እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና «ጎማው የፈነዳው ዝናቡ ሳይጀምር ነው ወይስ ከጀመረ በኋላ?» አለችው። ተስፋዬ በደስታ «እንዴት አወቁ?» አላት። «ገበሬው ትራክተር አለው አይደል?» አለች። «አለው!» አላት፤ የአንድ አገር ሰው ያገኘ መስሎት። ሂሩት አምስተኛ ነበረች። ገና «አውቶቡስ» ስትል ማዳም ፈገግ ብላ «ይበቃል፣ ወይዘሮ፤ ኬኩ ጥሩ ነበር?» አለቻት።

የአምስቱም ውጤት ተሰረዘ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ተስፋዬ እየሳቀ ነገረኝ፤ እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። ሂሩት ጋ ሄድኩ። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

«ለአራቱ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፣ ሙሴ። እርስዎ ምን አደረጉ?»

«ምነው ሂሩት፣ ለምን ሰጠሻቸው?»

«እነሱን ከልክዬ እንዴት አብሬያቸው እጸልያለሁ?» አለችኝ።

ቅድስት ጥግ ላይ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ተቀምጣ ስልኳን ታያለች፤ ግን እንደምትሰማን ከጀርባዋ ያስታውቃል። የሚቀጥለው ፈተና የቅድስት ጊዜ ሳያልፍ ያለው የመጨረሻው ነው። ቤት ገብቼ ለአልማዝ ስነግራት «ታዴ፣ አንተ ሠርግ ትወዳለህ» ብላ ልታስቀኝ ሞከረች፤ አልሆነላትም።

በማግስቱ ፓፓ አንሰልም ቤት ሄድኩ። ነገሩን ስነግራቸው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «ትራክተሩን አንተ ነህ የጨመርከው?» ይላሉ፤ ደግመው ይስቃሉ። ሳቃቸው ሲያልቅ ኮታቸውን አስተካክለው «ታደለ፣ የት እንደነበረ ሳያውቅ ሰው እንዴት ጊዜ ይመርጣል? አምስቱም አውቶቡሱ ውስጥ አልነበሩም» አሉኝ። ከዚያ ተነሡ። «ወዴት ነው?» ስላቸው «ሴትየዋ ጋ ነዋ!» አሉ።

በዚያው ሳምንት ምግብ ቤቱ ፎቅ ላይ ወጥተው ተቀመጡ፤ ዐይናቸውን ጨፈኑ። ሂሩት በፈረንሳይኛዋ ጀመረች፦ «ናይሮቢ መጣሁ። ሥራ አገኘሁ። ልጄ አደገች። እግዚአብሔር ይመስገን።» ፓፓ አንሰልም ሁለቱንም ዐይናቸውን ገለጡ። «ማዳም፣ ምንም አልታየኝም።» ደግማ ሞከረች፤ «ሥራ ጥሩ ነው፣ ጎረቤት ጥሩ ነው፣ ተመስገን።» ዐይናቸው እንደተገለጠ ቀረ። ያኔ ገባኝ፤ ግሱን አታውቅ ሆና አይደለም። ስለራሷ እንዳታወራ ተቀጥታ ያደገች ሴት ናት። እኛ እንዴት ነህ ሲሉን ደህና፣ ልጆች ደህና፣ ሁሉ ደህና ብለን በአንድ ተመስገን እንዘጋዋለን። መሐሉን ለሰው መግለጥ ነውር ይመስለናል። ኢምፓርፌ ደግሞ መሐሉን ነው የሚፈልገው።

ቅድስት ከጥጓ ብድግ አለች። «እማ፣ ያንን የሱፉሪያውን ስቶሪ ንገሪያቸው!» ሱፉሪያ እዚህ ድስትን የሚሉበት ስም ነው።

«ዝም በይ! የለቅሶ ነገር ነው።»

«ሶ ወት? ኢትስ ሶ ፈኒ እማ፣ ፕሊስ!»

«ነውር ነው አልኩሽ!» ሂሩት ቀላች። ፓፓ አንሰልም እናትና ልጅ ምን እንደተባባሉ ጠየቁኝ፤ ተረጎምኩላቸው። «ነውር ከሆነማ ጥሩ ታሪክ ነው» አሉና ዐይናቸውን ጨፈኑ።

ሂሩት እኔን አየችኝ። ልጇን አየች። ከዚያ እየተንተባተበች ጀመረች። የቤተ ክርስቲያናቸው ሰው ብርሃኔ እናቷ አገር ቤት ሞተውባት፣ እዚህ ናይሮቢ ፍራሽ አንጥፋ ተቀምጣለች። ሂሩት እንደ ወጉ ለለቅሶ ቤቱ ምስር ወጥ በትልቅ ድስት ሠራች፤ በነጠላ አሰረችና ማታቱ ውስጥ ገባች። ማካንጋው፣ ሒሳብ ተቀባዩ ማለት ነው፣ ድስቱን አይቶ «ይህ ሱፉሪያ ወንበር ይዟል፤ ይክፈል» አላት። ከፈለችለት። ድስቱ እንደ ሰው መስኮት ዳር ተቀመጠ። ሙዚቃው ይጮህ ነበር፣ ወጡ ይሸት ነበር፣ ሰዉ ሁሉ ዞር ዞር እያለ ያይ ነበር። ከድስቱ አጠገብ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ወፍራም ሰው ጋዜጣ ያነብ ነበር። ድንገት ሾፌሩ ፍሬን ያዘ። ድስቱ ተነሣ። ሰውየው ጋዜጣውን ጥሎ ድስቱን አቀፈው። ወጡ ተረፈ፤ ሸሚዙ አልተረፈም።

ፓፓ አንሰልም ዐይናቸው እንደተከደነ ነው፤ ከንፈራቸው ግን መንቀጥቀጥ ጀምሯል።

ሰውየው እስከ አንገቱ ወጥ ሆኖ «ወዴት ነው የምትወስጂው?» አላት። «ለቅሶ ቤት» አለችው። «ፖሌ ሳና፣ ማማ» ብሎ በስዋሂሊ አጽናናትና የድስቱን አንዱን ጆሮ ይዞ አብሯት ወረደ። በር ላይ ሲደርሱ ሂሩት ዞር ብላ አየችው፤ ሳቋ አመለጣት። እሱም ሳቀ። እየሳቁ ለቅሶ ቤት ገቡ። ነውር ያለችው ይህንን ነው። ሰዉ ሁሉ ዞሮ አያቸው። ሰውየው ብርሃኔን አያት፤ ታለቅስ ነበር። ጫማውን አውልቆ ፍራሹ ላይ ተቀመጠና እሱም አለቀሰ። ማን ነህ ያለው የለም። ሲበርድለት በስዋሂሊ «የኔም እናት ባለፈው ወር ነው፤ ለቀብሯ አልደረስኩም» አለ። ብርሃኔ እንባዋን ጠርጋ ሸሚዙን አየች፤ እናቷ ከሞቱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። የባሏን ሸሚዝ አልብሳ፣ ሂሩት ያመጣችውን ወጥ አብልታ ሸኘችው።

ሂሩት ስትጨርስ ፓፓ አንሰልም ዐይናቸውን አልገለጡም። «ነጠላው ምን ሆነ?» አሉ በመጨረሻ። «እንደቆሸሸ ቀረ፣ ሙሴ። አልታጠበም» አለች። ግሷ ሦስት ቦታ ተሳስቷል፤ አንዱንም ያን ቀን አላረሙላትም። እኔም አላረምኩም። ለመጀመሪያ ጊዜ ማረም አላሰኘኝም።

ከዚያ ወዲህ ሞዴል ጽፌ አላውቅም። ተስፋዬ ውኃ የገባበት ስልክ ውስጥ ትንኝ ያገኘበትን ቀን ያወራል፤ ሌላዋ ባለቤቷን ያገኘችበትን የፎቶ ቤት ወረፋ። እኔ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። እውነት ለመናገር አንዴ ሁለቴ እንቅልፍ ሸለብ አድርጎኛል፤ ከሳቅ ጋር ነው የሚቀሰቅሱኝ። ሂሩት ድስቱን በየሳምንቱ ታወራለች፤ ግን በሄደ ቁጥር ይለያያል፤ አንድ ቀን ሙዚቃው ይበዛል፣ አንድ ቀን ዝናብ ይጨመራል። ቃል በቃል እንዳልሸመደደችው ያወቅኩት በዚህ ነው።

የፈተናው ቀን እኔና ቅድስት ከቢሮው ውጭ አጥሩ ሥር ቆምን። ቅድስት «ጋሼ፣ ብትፌይልስ?» አለችኝ። «አትወድቅም» አልኳት። ሂሩት ስትወጣ ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም። እንደነገረችን፣ ፈታኟ ያችው ማዳም ነበረች። ገና ስታያት «ዛሬም ጎማ ይፈነዳል?» አለቻት። ሂሩት «የለም ማዳም፤ ዛሬ ድስት ነው» አለቻት። ከዚያ ማዳም አላመነቻትምና መሐል እየገባች ትጠይቅ ጀመር። ሸሚዙ ምን ዓይነት ነበር? ሰውየው ስሙ ማን ነው? «ስሙን አልጠየቅኩትም፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል» አለቻት።

«ማልቀሱን ስትነግሪያት የቱን ጊዜ ተጠቀምሽ?» አልኳት፤ የሙያ ነገር ሆኖብኝ።

«አላስታውስም፣ ሙሴ። እያየሁት ነበር» አለችኝ።

ውጤቱ የመጣው ከብዙ ቀን በኋላ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ነው። ሂሩት ወጥ ቤት ነበረች፤ እኔ ታች ምሳ እበላ ነበር። ቅድስት ስልኳን ከፍ አድርጋ ይዛ ከመንገድ እየሮጠች ገባች፤ አልፋኝ ወጥ ቤት ዘለቀች። ተከተልኳት። «እማ፣ አለፍሽ! አልፈሻል!» ሂሩት እሳቱን አጠፋች። ሽርጧን ፈታች። ስንት እንዳመጣች አልጠየቀችም፤ ልጇን ትክ ብላ አየቻትና አንድ ቃል ብቻ ተናገረች።

«አንቺም?»

«እኔም፣ እማ። ሁለታችንም። ሲሲ ሶቴ፣ ሁላችንም!»

ሂሩት ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ቁጭ አለች፤ ልጅቷ ጭኗ ላይ ወደቀች። ወጣሁና ግድግዳ ተደግፌ አለቀስኩ፤ አስተናጋጆቹ አዩኝ፤ ይዩኝ።

በማግስቱ ዌስትላንድስ ሄጄ ለሥራ አስኪያጁ «በቃኝ፤ ልለቅ ነው» አልኩት። ደነገጠ። ደመወዝ አነሰህ፣ ታመምክ፣ ሌላ ቦታ አገኘህ ብሎ ጠየቀኝ። ለሁሉም የለም አልኩት።

«ታዲያ ለምን ትለቃለህ፣ ምዋሊሙ?»

«ደስ ስላለኝ፤ እንዲህ ደስ እንዳለኝ ልጨርስ» አልኩት።